ወርቃማዋ ኮኪ፦ ልጆቿን በሆዷ ይዛ ስለምትወልድ የዛፍ እንቁራሪት የሰማ አለ?

ጠል

ሰላም ናችሁ ቤቶች። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ነርስ ነኝ። ባለፈው ግንቦት አብራኝ የምትሠራ ልጅ "እረፍትሽን እኛ አገር አሳልፊ" ብላ ፖርቶ ሪኮ ወሰደችኝ፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች በአሜሪካ ሥር የምትተዳደር ደሴት ናት። የእናቷ ቤት ካዬይ በምትባል የተራራ ከተማ ነው። ከሳን ሁዋን ወደ ደቡብ ሽቅብ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል።

የመጀመሪያው ማታ መብራት አጥፍተን ጋደም ስንል ውጭው በሙሉ መጮህ ጀመረ። ኮ-ኪ! ኮ-ኪ! ኮ-ኪ! ወፍ መሰለኝ። ግን ከአንድ ቦታ አይደለም የሚመጣው፤ ከጣሪያው፣ ከሙዙ፣ ከአጥሩ፣ ከየአቅጣጫው ነው። ጓደኛዬ ባትሪ ይዛ አወጣችኝና አንድ የሙዝ ቅጠል ቀስ አድርጋ ገለጠችልኝ። ቡናማ እንቁራሪት። ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይበልጥም። ጉሮሮው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይረግባል፣ ደግሞ ይነፋል። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ገላ እንደሚወጣ ዓይኔ እያየ ለማመን ቸገረኝ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ይህንኑ ሳወራ እናቷ ስኒያቸውን አስቀመጡና "ያየሽው ተራው ኮኪ ነው። የኛ የካዬዮቹ ወርቃማው ነበር፣ እሱ ግን ጠፋ" አሉኝ። እሳቸውም ከስሙ በስተቀር አይተውት አያውቁም። ያቺ "የኛ" ያሉባት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣችም። ከተመለስኩ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ ስለሱ ሳነብ ነው የከረምኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

በስፓኒሽ ኮኪ ዶራዶ ይሏታል፣ ወርቃማ ኮኪ ማለት ነው። የሳይንስ ስሟ ኤሉቴሮዳክቲለስ ጃስፐሪ። ርዝመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መላ ሰውነቷ ወደ ወርቅ የሚያደላ ቢጫ ነው፣ ነጠብጣብ የለው፣ መስመር የለው። ከካዬይ በስተደቡብ ካሉ ጥቂት ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አልተገኘችም፣ እነሱም ከፍታቸው 700 ሜትር አካባቢ ነው። ጆርጅ ድሩሪ እና ከርክላንድ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 ስም አውጥተው ለዓለም አስተዋወቋት። በ1977 የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት ጋር መዘገባት፣ መኖሪያዋንም ለይቶ ከለለላት። በ1981 ለመጨረሻ ጊዜ ታየች። በቃ። ስም ከወጣላት ገና 5 ዓመቷ ነበር።

ኑሮዋ ነው ልቤን የነካው። በዛፍ ላይ የሚበቅል ብሮሚሊያድ የሚባል ተክል አለ፣ የአናናስ ዘመድ ነው። እንሰት ባለበት አገር ያደጋችሁ ቶሎ ይገባችኋል፤ ዝናብ ሲጥል ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት ጉያ ውሃ ያቁር የለ? ብሮሚሊያድም እንደዚያ ነው። ወርቃማዋ ኮኪ ዕድሜዋን የምትገፋው በዚያ ጉያ ውስጥ ነው። እንቁላሏንም አትጥልም። ሆዷ ውስጥ ታቆየዋለች፣ ከወር ጥቂት አለፍ ሲል ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ እጅ እግራቸው የተሟላ ጥቃቅን እንቁራሪቶች ትወልዳለች። ማዋለጃ ክፍል ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከጥፍሬ ትንሽ የምትበልጥ እናት በአንድ ቅጠል ጉያ ውስጥ፣ በአንድ ማንኪያ ውሃ ዳር ስትወልድ ይታየኛል።

ስለሷ በአማርኛ የተጻፈ አንድም ነገር አላገኘሁም። የምታውቁት ካለ ጨምሩልኝ።

መምህሩ

እህቴ ጠል፣ እጅሽ ይባረክ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ በሥራው ላይ 22 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ክብ እስላለሁ፦ እንቁላል፣ ከዚያ ጭራ ያላት የውሃ ልጅ፣ ከዚያ እግር ማብቀል፣ ከዚያ የጭራው መጥፋት፣ መጨረሻ ላይ እንቁራሪት። ተማሪዎቼም ያንኑ ገልብጠው ለፈተና ያጠናሉ። ኮኪዎቹ ግን የክቡን ግማሽ ዘለውታል።

ነገሩ ደረጃ አለው። ተራው ኮኪም ቢሆን ኩሬ አይፈልግም። ሴቷ እንቁላሏን እርጥብ ቅጠል ውስጥ ትጥላለች፣ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ የአባትየው ነው። አባት ላዩ ላይ ተቀምጦ እንዳይደርቅ በገላው ያረጥበዋል፣ ሊበላ የሚመጣውንም ያባርራል። ልጆቹ በውሃ ውስጥ አይዋኙም፤ ጭራ ያላት ልጅ የሚባለው ዘመን እንቁላሉ ውስጥ ያልቅና ሲፈለፈሉ ትንንሽ እንቁራሪት ሆነው ነው የሚወጡት። ሌላም ነገር አለ። እንቁራሪቶች በአብዛኛው ሴቷ እንቁላል ስትጥል ወንዱ ከላይ ዘሩን ያፈስበታል። ተራው ኮኪ ላይ ግን ፅንሱ የሚጀምረው በሴቷ ሆድ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ፅንሱ ሆድ ውስጥ ከጀመረ፣ ልጁም ኩሬ ካላስፈለገው፣ ወርቃማዋ የጨመረችው እንቁላሉን አለመጣልን ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ናት፣ ግን ከዘመዶቿ ሁሉ የተራመደችው እሷ ነች። ማርቫሊ ዌክ የተባለች ሳይንቲስት በ1978 ውስጣዊ አካሏን መርምራ ጽፋለች። እንቁላል የሚወርድባቸው ሁለቱ ቱቦዎች ታችኛው ጫፋቸው ላይ ተጋጥመው እንደ ማህፀን ያለ ክፍል ሠርተዋል።

ኪሩቤል

@መምህሩ ጋሼ ጥያቄ አለኝ። እዚያ ውስጥ እያሉ የሚበሉት ምንድነው? እንደ ሰው በእትብት ነው?

መምህሩ

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። እትብት የለም። ስንቃቸው የእንቁላሉ አስኳል ነው፣ እናት አስቀድማ ቋጥራ የሰጠቻቸው ነው። እሷ የምትሰጣቸው ከለላና እርጥበት ነው። አንዳንድ እንቁራሪቶች ግን ከዚህም አልፈዋል። ምዕራብ አፍሪካ፣ ኒምባ ተራራ ላይ ያለች አንዲት ጉርጥ ልጆቿን 9 ወር ገደማ በሆዷ ይዛ እዚያው ትመግባቸዋለች። ዘጠኝ ወር!

ዳዊት ዳላስ

ጠል በጣም ነው የማመሰግነው። አንድ ነገር ልጨምር። "ጃስፐሪ" የሚለው ከየት መጣ ብዬ ፈልጌ ነበር። ጃስፐር ሎፍተስ-ሂልስ የሚባል አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ነው። ሥራው የእንቁራሪት ድምፅ ነበር። በ1974 እዚሁ እኔ ያለሁበት ቴክሳስ ውስጥ ማታ የእንቁራሪት ድምፅ ሲቀዳ አንድ ሹፌር ገጨውና ጥሎት ሄደ። ህይወቱ አለፈ፣ ገና ወጣት ነበር። እነ ድሩሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙን ለወርቃማዋ ሰጧት።

የምሠራው ትራክ ነው፣ ሌሊት ነው የምነዳው። ከዝናብ በኋላ በገጠሩ መንገድ ሳልፍ የቦዩ እንቁራሪት ድምፅ በመስኮት ይገባል። ይህን ካነበብኩ በኋላ በዚያ ሰዓት የመንገድ ዳሩን ሁለቴ ነው የማየው። ማስታወሻ እንድትሆነው ስሙ የተሰጣት እንቁራሪት እሱ በሞተ በ7 ዓመቱ እሷም ጠፋች። ከብዶኛል።

ሀና ሂሎ

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልበላችሁ፣ አትቆጡኝ። የምኖረው ሃዋይ ነው፣ ሂሎ። ኮኪ እዚህ ጠላት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከችግኝ ጋር ተደብቆ መጣ ይባላል፣ አሁን ደሴቱን ሞልቶታል። ሃዋይ ከጥንት ጀምሮ የራሷ እንቁራሪት የሌላት አገር ናት፣ የሚቆጣጠረው የለም። የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ሰሞን ሕፃኑ ሲተኛልኝ ኮኪው አይተኛም። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር አንዱ ቆሞ እስከ ንጋት ይጮኻል። ቅርብ ሲሆን 90 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ባለቤቴ በስልኩ ለክቶታል። ጎረቤቶቻችን ሎሚ ውስጥ ያለውን አሲድ በውሃ በጥብጠው ማታ ማታ ቁጥቋጦው ላይ ይረጫሉ፣ ሲነካው ይሞታል። እኔም ረጭቻለሁ።

ስለዚህ ኮኪ ጠፋ ብሎ ሰው ሲያዝን ስሰማ መጀመሪያ ግራ ነው የገባኝ። አንድ ዓይነት ፍጥረት እንዴት እዚህ አላልቅ ብሎ እዚያ ያልቃል?

ጠል

ሀናዬ ለምን እቆጣለሁ፣ አራስ ሆኖ እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያንቺው ተራው ኮኪ ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ 17 የሚሆኑ የኮኪ ዓይነቶች ተቆጥረዋል፣ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ተራው ኮኪ ያገኘው ቦታ ይኖራል። የሙዝ ቅጠል ይሁን፣ የአበባ ማሰሮ ይሁን፣ የውሃ ቆጣሪ ሳጥን ይሁን፣ እርጥበት ካለ ይበቃዋል። ወርቃማዋ ያለ ብሮሚሊያድ አንድ ቀን ማደር የማትችል ነበረች። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው እንኳ እምብዛም አትሄድም ነበር። የምትወልደውም ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው። ተራው ኮኪ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ያህል እንቁላል ይጥላል። ስንት ቢሞቱበት ይተካል።

እዚያ አገር ግን ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ብታዪ! ታይኖ የሚባሉት የደሴቲቱ ጥንታዊ ሰዎች ምስሉን ድንጋይ ላይ ቀርጸውታል። ዛሬም ሰዉ የአገሩ ልጅነቱን ሲናገር "እንደ ኮኪ የዚሁ ነኝ" ይላል። ከማሪያ አውሎ ነፋስ በኋላ፣ 2017 መስከረም ላይ፣ መብራቱ ለወራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የጓደኛዬ እናት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ኮኪው መጮህ እስኪጀምር ይጠብቁ እንደነበር ነግረውኛል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብሎ ነበር አሉ። ሲጮህ ያን ጊዜ አለቀሱ።

ሀና ሂሎ

ይሄን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ጠልዬ።

መምህሩ

ሀና ስለድምፁ ካነሳሽ አይቀር አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። "ኮ" እና "ኪ" ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ናቸው። ናሪንስ እና ካፕራኒካ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1976 አሳይተውታል። የወንዱ ጆሮ "ኮ"ን ለመስማት የተሠራ ነው፣ "ይሄ ቦታ የኔ ነው፣ አትቅረብ" ማለት ነው። የሴቷ ጆሮ ደግሞ "ኪ"ን ነው የሚለየው፣ "እዚህ ነኝ፣ ነይ" የሚለውን። አንድ ቃል ሆኖ ለጎረቤቱ ማስጠንቀቂያ፣ ለሚፈልጋት ጥሪ ነው። በመስኮትሽ ሥር የቆመው ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱን እያለ ነበር።

ኪሩቤል

እሺ፣ ግን መሠረታዊው ጥያቄ አልተመለሰም። ለምን ጠፋች? ደን ተመንጥሮ ነው መቼም።

ጠል

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የገመትኩት። ግን ታሪኩ ያን ያህል ቀላል አይደለም። የፖርቶ ሪኮ ደን ክፉኛ የተመነጠረው ቀደም ብሎ ነው። በ1940ዎቹ ደን ሆኖ የቀረው የደሴቱ መሬት ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም ነበር። ሸንኮራ፣ ቡና፣ ትምባሆ። የካዬይ ተራራ የትምባሆ አገር ነበር። ከዚያ ሰዉ እርሻውን እየተወ ወደ ፋብሪካና ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ ደኑ በራሱ ጊዜ ተመልሶ በቀለ፣ ዛሬ ከግማሽ በላይ ደን ነው። ስለዚህ ወርቃማዋ ያ ሁሉ ምንጠራ ሲካሄድ በቀረችላት ቁራጭ ደን ተርፋለች ማለት ነው። ዛፉ ተመልሶ እየበቀለላት፣ በሕግ እየተጠበቀች ነው የጠፋችው። ይሄ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እርግጥ የቀራት ቦታ በጣም ጠባብ ነበር፣ ያ የምንጠራው ዕዳ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ያለ ነገር አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል። የመጨረሻውን ምት የሰጣት ምን እንደሆነ ግን መምህሩ ቢያስረዳን ይሻላል።

መምህሩ

እሞክራለሁ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በብዙ አገር እንቁራሪት ባልተነካ ደን ውስጥ ሳይቀር ማለቅ ጀመረ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። በ1998 ነው ጥፋተኛው የተገኘው፣ በ1999 ስም ወጣለት። ካይትሪድ የሚባል የቆዳ ፈንገስ ነው። በልጅነታችን ራሳችን ላይ የሚወጣውን ቆረቆር አስቡት፣ እኛን ቢያሳክከን እንጂ አይገድለንም። እንቁራሪት ግን በቆዳዋ ውሃ ትጠጣለች፣ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ የገላዋን ጨው በቆዳዋ ትቆጣጠራለች። ፈንገሱ ቆዳውን ሲያወፍረውና ሲያበላሸው የደሟ ጨው ይዛባል፣ መጨረሻ ላይ ልቧ ይቆማል። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በዚህ ፈንገስ ምክንያት ቁጥራቸው የቀነሰ 501 ዝርያዎች ቆጥሯል፣ ከእነዚህ 90ዎቹ እንደጠፉ ይገመታል። አንድ በሽታ ይህን ያህል ዝርያ ሲፈጅ በሳይንስ የተመዘገበ ሌላ የለም።

ፖርቶ ሪኮ ላይ ፓትሪሺያ በሮውስ እና ራፋኤል ሆግላር የሚባሉ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ደክመዋል። በሙዚየም ማሰሮ ውስጥ የተቀመጡ አሮጌ እንቁራሪቶችን ቆዳ መርምረው ፈንገሱ በ1976 ደሴቱ ላይ እንደነበር አግኝተዋል። አስተውሉ፣ ወርቃማዋ ስም ያገኘችበት ዓመት ነው። በ2004 የጻፉት ደግሞ ፈንገሱና ድርቁ ተጋግዘው ነው የሚል ነው። ዝናብ ሲጠፋ እንቁራሪቶቹ እርጥበት ወደቀረበት ጥቂት ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ሲጠጋጉ ይተላለፋሉ። በአንድ ቅጠል ጉያ ውሃ ላይ የምትኖር እንስሳ ላይ ይህ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

እሷ ብቻዋን አይደለችም። በጅረት ዳር ይኖር የነበረው ትልቁ ኮኪም ከ1970ዎቹ ወዲህ አልታየም። ሌላ አንድ የተራራ ኮኪ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ የለም።

የጎባ ልጅ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አላስቻለኝም። እኔ የባሌ ልጅ ነኝ፣ ጎባ ተወልጄ አድጌ አሁንም እዚያው ነኝ። ሐረና ደን ለሚመጡ እንግዶች መንገድ እመራለሁ። ይሄ የምታወሩት ነገር የሩቅ ደሴት ታሪክ ብቻ አይደለም።

እኛ ጋ፣ ባሌ ተራራ ላይ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኝ ትንሽ ጉርጥ አለች። ማልኮም በሚባል ተመራማሪ ስም ነው የምትጠራው። እሷም ፅንሷን የምትጀምረው በሆዷ ውስጥ ነው፣ መምህሩ እንዳለው። እንቁላሏን የምትጥለው ግን እርጥብ መሬት ላይ ነው፣ አንዳንዴ ብዙ ሴቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይጥላሉ። ሌላ ዘመዷ ደግሞ አለች፣ በኦስጉድ ስም የምትጠራው። እሷ በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ አልታየችም። እኔ በ2003 ልጅ ነበርኩ። ከብት ስጠብቅ ስንት ጉርጥ በእግሬ ገፍቼ እንዳለፍኩ ሳስበው ከነዚያ ውስጥ አንዷ እሷ ትሆን እላለሁ።

ካይትሪዱም ባሌ ገብቷል፣ ተመራማሪዎች መርምረው አግኝተውታል። አብሬያቸው ከሄድኩት ሰዎች አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ከመሻገራቸው በፊት ጫማቸውን ጭቃው እስኪለቅ ያጥቡታል፣ በበረኪና ውሃ ይነክሩታል፣ ያደርቁታል። መጀመሪያ ስሙኒ የማትሞላ ጉርጥ ይህን ሁሉ ጣጣ ታስደርጋለች ወይ ብዬ ነበር። አሁን የኔ እንግዳ ሁሉ ጫማውን ሳያጥብ ጅረት አይሻገርም፣ ቢቆጣም ይቆጣ።

መምህሩ

የጎባ ልጅ፣ ተባረክ። ይህን ነገ ክፍል ውስጥ አነባለሁ፣ ከፈቀድክልኝ።

እንዲያው እንደ ተስፋ የማየውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታንዛንያ ውስጥ ኪሃንሲ ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው በሚረጨው ጤዛ ብቻ የሚኖር ትንሽ ቢጫ ጉርጥ በ1996 ተገኘ። እሷም እንደ ወርቃማዋ ልጆቿን የምትወልድ ናት። ከዚያ ግድብ ተሠራና ጤዛው ክፉኛ ቀነሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካይትሪዱ መጣባት፣ ከተፈጥሮ ቦታዋ ጨርሳ ጠፋች። ግን ከመጥፋቷ በፊት ጥቂቶቹን ወደ አሜሪካ መካነ አራዊት ወስደው ነበር፣ ብሮንክስ እና ቶሊዶ። እዚያ ወለዱ፣ ተባዙ፣ በ2012 ወደ ፏፏቴያቸው መመለስ ተጀመረ። ዛሬ ሰው ሠራሽ ጤዛ በቱቦ ይረጭላቸዋል።

ወርቃማዋን ግን በጊዜው ከተክሏ አንስቶ ያቆያት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ በሽታው ስም እንኳ አልነበረውም።

ኪሩቤል

በእርግጠኝነት ጠፍታለች ግን? ከ40 ዓመት በላይ ካልታየች ምን ተስፋ አለ? ተስፋ መስጠት ጥሩ ነው፣ ግን ራስን ማታለልም አለ።

ጠል

ኪሩዬ ልክ ነህ፣ እኔም ራሴን ልሸነግል አልፈልግም። ካዬይ ተራራ ላይ ደጋግመው ፈልገው አላገኟትም፣ አብዛኛው ሰው ጠፍታለች ነው የሚለው። ምናልባትም እውነቱ ያ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በ2005 ሳን ሁዋን አጠገብ፣ ቶአ ባሃ ውስጥ፣ ሳባና ሴካ የሚባል ረግረግ ላይ ኔፍታሊ ሪዮስ-ሎፔዝ የሚባል ባዮሎጂስት እስከዚያ ማንም ስም ያላወጣለት ኮኪ አገኘ። ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ያለው ሰው በሚጨናነቅበት ቆላ ላይ፣ ከመንገድና ከመንደር ጎን ነው። ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሰው ነፍሳት እየመሰለው ነው ሲያልፍ የኖረው። በ2007 ስም ወጣለት፣ ኮኪ ያኔሮ፣ የሜዳው ኮኪ። ጆሮ ያለው ሰው ቆሞ እስኪሰማው ድረስ እዚያው ነበር።

አንድ ቀን ካሪቴ ደን ወስደውኛል፣ ከካዬይ ቅርብ ነው። ዝናብ ጥሎ ያባራበት ሰዓት ነው። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ትልቅ ብሮሚሊያድ ነበር፣ በቁመቴ ልክ ስለሆነ ሳልነካው ውስጡን በስልኬ መብራት አየሁት። የመጀመሪያው ጉያ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠልና ጥቁር ውሃ። ሁለተኛው ውስጥ የትንኝ እጭ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ሦስተኛው ውስጥ ሸረሪት፣ መብራቱ ሲያርፍባት ወደ ውስጥ ገባች። አራተኛውን አጎንብሼ ሳይ ከውሃው ጠርዝ ላይ ሁለት ዓይን አየኝ። ልቤ ቆመ። ቡናማ ነው፣ ተራው ኮኪ። ግን ጣቶቹን በደንብ አየሁ፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነ መጣበቂያ አለ፣ በመካከላቸው እንደ ዳክዬ እግር ያለ ቆዳ የለም። ኤሉቴሮዳክቲለስ ማለት "ነጻ ጣት" ማለት እንደሆነ ቀድሞ አንብቤ ነበር፣ ያኔ ነው የገባኝ። ወርቃማዋም ልክ እንዲህ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ነበር ዝናብ የምትጠብቀው።

ያንን ጉያ ያየ ሰው ሁሉንም አይተናል ለማለት ይቸገራል። በአንድ ዛፍ ላይ ሃምሳ ብሮሚሊያድ አለ፣ አብዛኛው እላይ ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ አንዱ ብሮሚሊያድ ብቻውን አሥር ጉያ አለው። ትኖራለች አልልም። ግን በሚቀጥለው ግንቦት ተመልሼ እሄዳለሁ። የጓደኛዬ እናት በልጅነታቸው ትምባሆ ሲለቅሙ ቢጫ እንቁራሪት አየን የሚሉ አንድ ሽማግሌ ያውቃሉ፣ እርሻቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ደን ሆኗል። እዚያ ማታ ቁጭ ብዬ ድምፅ እቀዳለሁ። የቀዳሁትን ኮኪ ለሚያጠኑት ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች እልካለሁ፣ እነሱ ለይተው ያውቁታል። እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ስለመቅጃ የምታውቁ ምከሩኝ።

የጎባ ልጅ

ጫማሽን እጠቢ እህቴ። ከሜሪላንድ ስትነሺም፣ ከደኑ ስትወጪም።

ጠል

እሺ ወንድሜ፣ በረኪናውን ከሻንጣዬ ቀድሜ ነው የምገዛው።

ዳዊት ዳላስ

እኔ ለቤተክርስቲያን መዝሙር የምቀዳበት ትንሽ የእጅ መቅጃ አለኝ፣ ጥሩ ነው፣ በፖስታ እልክልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር አድራሻሽን ስጪኝ። በስልክሽ የምትቀጂ ከሆነ ግን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው፣ አለበለዚያ ጥሪ ይገባና ያቋርጥብሻል። ለነፋሱ ማይኩን ቀጭን ካልሲ አልብሺው። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆምሽበትን ቦታ በድምፅሽ ተናገሪ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትንቀሳቀሺ ቁሚ፣ ሰው ሲመጣ ዝም ይላሉና እስኪረሱሽ ጠብቂ።